የንጉሡ ፉርጎና የአቃቂ ሐዲድ

እኛ አቃቂ ያደግነው ሐዲዱን እንጂ ባቡሩን እምብዛም አናውቅም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ የተሳፈሩት ከለገሃር ሳይሆን ከዚሁ ከአቃቂ ነው። የከተማው ሰው እንዳያያቸው ይሆን? ሳይመስለን አልቀረም።

ከድሉ በኋላ መኝታና ሳሎን ያላቸው የንጉሡ ፉርጎዎች በዚሁ በኩል ተመላለሱ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ፤ ፉርጎዎቹ ግን ቀሩ፤ ለገሃር ግቢ ለዓመታት ተዘግቶባቸው ኖሩ። የአሜሪካው የሰርከስ ባለቤት የጆን ሪንግሊንግ የግል ፉርጎ እንኳ ፍሎሪዳ ሙዚየም ገብቶ ሕዝብ ይጎበኘዋል። እንዴ፣ የሰርከስ ጌታ ይህን ያህል ከተከበረ!

ፉርጎዎቹ ታድሰው እንደገና ይሂዱ ለሚሉ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንንገራቸው። የድሮው ሐዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ 143.5 ሳንቲ ሜትር። ስለዚህ በአዲሱ ላይ አይገጥሙም፤ አሮጌው ደግሞ በየቦታው ተቆርጧል። በቆሙበት መታየት ይችላሉ እንጂ መሄዱስ ቀርቷል። እኛ የምንለው፣ አንዱ ፉርጎ በከባድ መኪና ተጭኖ ይምጣና አቃቂ ጣቢያ ይቁም ነው። መንገዱ እንደሆነ ሩቅ አይደለም።