አርባ ሁለት ድል፣ አንድ ሽንፈት፦ የሜይን ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ቡድን በ1992–93

በረዶ በሚበዛባቸው የሰሜን አሜሪካ ግዛቶች የሚኖር ወገን ሁሉ ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው አንድ ወሬ አለ፤ የሆኪ ወሬ። ስለ እግር ኳስ ሲነሳ ሁላችንም አፋችን ይፈታል። ሆኪ ሲነሳ ግን ቡናችንን ይዘን ወደ ጠረጴዛችን እንመለሳለን። እኔም በሙያዬ መሐንዲስ ስሆን፣ ተምሬ የቀረሁበት አገር የበረዶ አገር በመሆኑ ይህን ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። በዛሬው ጽሑፌ የሆኪን ደንብ በደረቁ ከማቅረብ ይልቅ የአንድ ኮሌጅ ቡድንን አንድ የውድድር ዘመን ይዤ ልተርክላችሁ አስቤያለሁ። ይኸውም የሜይን ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1992 መኸር እስከ 1993 ሚያዝያ መጀመሪያ ያሳለፈው ዘመን ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው በአጭሩ

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሆኪን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፤ የሚመታ ነገር አለ፤ መጋፋት አለ። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ መሆኑና ሩሩ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። ፓክ ይባላል፤ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ፣ ስፋቱ 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ነው። እንዳይነጥር ሲሉ ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡታል።

የተለመደው የሰሜን አሜሪካ ሜዳ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ አለው። በረዶው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሲሆን የሚያርፈውም በኮንክሪት ወለል ላይ ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎች የቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ ወይም ሌላ የማይረጋ ፈሳሽ ሲዘዋወር ይውላል፤ የበረዶውም ገጽ ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠበቃል። ከዚያ ከሞቀ ይለሰልስና ፓኩ ይጎተታል፤ እጅግ ከቀዘቀዘ ደግሞ እየተሰነጠረ ያስቸግራል።

በአንድ ጊዜ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ ሲኖረው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው። ሩጫው ከባድ ስለሆነ ተጫዋቾች በየአንድ ደቂቃው ገደማ፣ ጨዋታው ሳይቆም ይቀያየራሉ። ያጠፋ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። በቴሌቪዥን የምናየው የቡጢ ድብድብ በኮሌጅ ደረጃ ከጨዋታ የሚያስወጣና የሚቀጥለውንም ግጥሚያ የሚያሳጣ ነው። ተጫዋቾቹም ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከለያ ያደርጋሉ።

የተማሪ ቡድን ምን ማለት ነው?

እኛ ባደግንበት አገር የዩኒቨርሲቲ ቡድን ማለት ከፈተና በኋላ የሚሯሯጡ ልጆች ማለት ነበር። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ኃያሉን የሶቪየት ኅብረት ቡድን ያሸነፉት አሜሪካውያን አብዛኞቹ በኮሌጅ ቡድኖች ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። የውድድሩ ዘመን በጥቅምት ይጀምርና ክረምቱን ሁሉ አልፎ ሚያዝያ ይደርሳል። መጀመሪያ በሊግ፣ ቀጥሎ በሊጉ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በመጨረሻም በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ይጫወታሉ። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ አንድ ቀን የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የክረምቱ ድል ሁሉ አያስጥለውም።

ሌላው ትልቅ ነገር ጊዜ ነው። አንድ ተማሪ ለቡድኑ መሰለፍ የሚችለው በአብዛኛው ለአራት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ በየዓመቱ የበሰሉትን አስመርቆ ይሸኛል፣ ጥሬዎቹን ይቀበላል። የተማሪ ቡድን የተሠራው እንዲበተን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቦታውና ሰዎቹ

ሜይን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን፣ ደን የሸፈናት ግዛት ናት። በ1990 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 1.23 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝባት ኦሮኖ ከባንጎር ከተማ አጠገብ ያለች፣ ከቦስተን በመኪና አራት ሰዓት ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። የሆኪ አዳራሹ በ1977 ተከፈተ፤ ስሙንም ያገኘው በጫማ ፋብሪካ ከበለጸገውና ለግንባታው ከለገሰው ከሀሮልድ አልፎንድ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን መጫወት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። እንግዲህ የምንነጋገርበት ዘመን ሲደርስ ቡድኑ ገና 16ኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ተቀናቃኞቹ ግን ሆኪን ከያዙ ብዙ አሥርት ዓመታት ያለፏቸው ነበሩ።

አሠልጣኙ ሾን ዋልሽ በ1984 ሲመጣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ዋልሽ ትልልቅ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሊወስዷቸው የሚችሉ ልጆችን አሳምኖ ወደዚያ ሩቅ ደን ማምጣት ቻለበት። በ1992 መኸር ያሰባሰበው ቡድን የዚህ ልፋት ፍሬ ነው።

አምበሉ የሞንትሪያል ልጅ ጂም ሞንትጎመሪ ነበር፤ አራተኛና የመጨረሻ ዓመቱ ላይ የደረሰ አጥቂ። ከጎኑ ግብ አነፍናፊው ካል ኢንግራም ተሰልፏል። በረኞቹ ጋርት ስኖውና ማይክ ደንሃም ሁለቱም እኩል የሚባሉ ስለነበሩ ዓመቱን ተካፍለው ተጫወቱ። ከኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የመጡት መንትዮች ክሪስና ፒተር ፌራሮም በዚያ ዓመት ነው የገቡት።

ከሁሉም በላይ ግን ከቫንኩቨር አካባቢ የመጣው የ18 ዓመቱ ፖል ካሪያ ነበር። የካሪያ ታሪክ ለስደተኛ አንባቢ አንድ ነገር ይነግራል። የአባቱ ወገን ጃፓናዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካናዳ መንግሥት የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ዜጎቹን ከቤታቸው አፈናቅሎ በካምፕ ሲያጉር የካሪያ አያቶችም ከታጎሩት መካከል ነበሩ፤ አባቱም የተወለደው በዚያ ነው። የዚያ ሰው ልጅ አገሪቱ እንደ ራሷ ነፍስ በምትቆጥረው ጨዋታ ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቃ።

ክረምቱ

ቡድኑ ከመጀመሪያው ግጥሚያ አንሥቶ አልተበገረም። ካሪያ በገና ሰሞን ካናዳን ወክሎ በዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና ለመጫወት ወደ ስዊድን ሄዶ ወርቅ ይዞ ሲመለስ እንኳ ሜይን ማሸነፉን አላቋረጠም። ለምን ቢሉ፣ የቡድኑ ጥንካሬ በአንድ ሰው ላይ የቆመ አልነበረም። ተቃራኒ ቡድን የመጀመሪያውን የአጥቂ መስመር ተከላክሎ ሲተነፍስ ሁለተኛው መስመር ይመጣበታል። ሆኪ ደግሞ በየደቂቃው የሚቀያየሩበት ጨዋታ እንደመሆኑ፣ የወንበሩ ጥልቀት እንደ ሜዳው ያህል ዋጋ አለው።

በየካቲት አጋማሽ ቡድኑ 32 ጊዜ ተጫውቶ 30 አሸንፎ፣ 2 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1993 ግን ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ኦሮኖ መጣ፤ በተጨማሪ ሰዓትም 7 ለ 6 አሸንፎ ሄደ። ሽንፈቱ የደረሰው በገዛ ሜዳቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ነው።

ይህች አንዲት ሽንፈት የዘመኑ መለኪያ ናት ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት በ1970 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ 29 ተጫውቶ 29ኙንም በማሸነፍ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ሜይን ያንን ንጹሕ መዝገብ ሊያገኝ አልቻለም፤ አቻዎቹ ቀድሞውኑ ዘግተውበታል። ከሽንፈቱ በኋላ የቀረው ጥያቄ ቡድኑ ይሰበራል ወይስ ይጸናል የሚለው ብቻ ነበር። መልሱ 12 ተከታታይ ድል ሆነ። የሊጋቸውን የሆኪ ኢስትን ዋንጫ ወሰዱ፤ ከዚያም ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና ዘለቁ።

ሚልዋኪ

የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ግጥሚያዎች የተደረጉት በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሜይንን እስከ ተጨማሪ ሰዓት ገፋው። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፤ መልስ የለም። ሊ ሳውንደርስ አገባና 4 ለ 3 አለፉ።

በኤፕሪል 3 ቀን የፍጻሜው ተጋጣሚ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሌክ ሱፒሪየር ስቴት ነበር። ይህም እንደ ሜይን ከትንሽ ከተማ፣ ከካናዳ ድንበር የመጣ ቡድን ነው። ሜይን 2 ለ 0 መራ። ከዚያ ተቃራኒው ተከታትሎ አራት አገባ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ ውጤቱ 4 ለ 2 ነበር፤ ሜይን ተሸናፊ።

በእኛ ሙያ አንድ ድልድይ የሚሠላው በአማካይ ቀን በሚያልፍበት ጭነት አይደለም፤ ክፉው ቀን በሚያመጣበት ጭነት ነው። ለዚህ ቡድን ክፉው ቀን ያ ምሽት ነበር። 41 ድል የያዘ መዝገብ 20 ደቂቃ ቀርቶት እንደ ጤዛ ሊተን ተቃርቧል። ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አይጽፍላቸውም፤ ሳይበቃው የቀረ ጎበዝ ተብለው ይታለፉ ነበር።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምበሉ ሞንትጎመሪ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ግብ አገባ። ሦስቱንም ያቀበለው ካሪያ ነው። ሊመረቅ የተቃረበው የአራተኛ ዓመት ተማሪና ገና የገባው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ተጣምረው ውጤቱን 5 ለ 4 አደረጉት። የቀረውን ከአሥር ደቂቃ በላይ የሆነ ጊዜ ደግሞ መላው ቡድን ተከላክሎ ጨረሰው። ሜይን ዩኒቨርሲቲ በማናቸውም ስፖርት ያገኘው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮናነት ይህ ነበር። የዘመኑም መዝገብ 42 ድል፣ 1 ሽንፈት፣ 2 አቻ ሆኖ ተዘጋ።

ካሪያ በ39 ግጥሚያዎች 25 አግብቶና ለ75 ግቦች አቀብሎ በድምሩ 100 ነጥብ ያዘ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ለሚሆነው የሚሰጠውን የሆቢ ቤከር ሽልማትም ተቀበለ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያንን ሽልማት ሲያገኝ እርሱ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያስ?

ከዚያማ ቡድኑ ተበተነ። ሞንትጎመሪ በአራት ዓመት 301 ነጥብ አስመዝግቦ ተመረቀ። ካሪያን በዚያው በጋ የአናሃይም ቡድን በምርጫው አራተኛ አድርጎ ወሰደው፤ በ2017 በሆኪ የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ስኖውና ደንሃም በ1994 ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ቡድን ተሰለፉ፤ ኋላም ሁለቱ በዋናው ሊግ ተጫወቱ። ሞንትጎመሪ አሠልጣኝ ሆኖ በ2017 የዴንቨር ዩኒቨርሲቲን ለሻምፒዮናነት አበቃ፤ በ2022–23 ደግሞ የቦስተን ብሩይንስ በዋናው ሊግ በአንድ ዘመን 65 ድል በማስመዝገብ የታሪክ ክብረ ወሰን ሲይዝ አሠልጣኙ እርሱ ነበር።

ታሪኩ ግን ሁሉ ማር አይደለም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ በተደረገ ምርመራ ዩኒቨርሲቲው የውድድር ደንቦችን መጣሱ ተገኘ። ዋልሽ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ቡድኑም ከሻምፒዮና ውድድር ተከለከለ። ከቅጣቱ ተመልሶ በ1999 ሁለተኛውን ዋንጫ አመጣ፤ የዚያ ቡድን አምበል የካሪያ ታናሽ ወንድም ስቲቭ ነበር። ዋልሽ በ2001 መስከረም ወር በ46 ዓመቱ በኩላሊት ካንሰር አረፈ።

የኮሌጅ ሆኪም ዛሬ ያኔ የነበረው አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወርም ቀሏል። ከ2025 ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ ተከልክለው የነበሩ የካናዳ ዋና የወጣቶች ሊግ ተጫዋቾች ገብተው መጫወት ይችላሉ። ይህ ለልጆቹ ፍትሕ ነው፤ ላባቸውን የሚሸጥ ሌላ ሰው ብቻ ሆኖ መቆየት አልነበረበትም። በአንጻሩ በአንድ አዳራሽ አራት ክረምት አብሮ የሚበስል ቡድን ማግኘት እያደር የሚከብድ ይመስለኛል።

ልጆቻችሁ በእነዚህ የሰሜን ኮሌጆች የሚማሩ ወላጆች፣ አንድ የክረምት ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ አንድ ግጥሚያ ብታዩ አትጠሉትም። ካፖርታችሁን አትርሱ፤ አዳራሹ ውስጥም ብርድ ነው። ስታዩም ፓኩን ብቻ አትከተሉ፤ ዐይን አያደርስበትም። የሚቀያየሩትን ልጆች ተመልከቱ። ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ፣ የደከመው እንዴት ለትኩሱ እንደሚያስረክብ ስታዩ ሜይን ያን ሁሉ ግጥሚያ እንዴት እንዳሸነፈ ይገባችኋል።