ልጅ ኢያሱ ሰለሙ የተባለበት ወሬ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ነበር። በዚያ ዕለት መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ ካህናቱና መኻል ሰፋሪው ጦር አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው፣ ዘውድ ሳይጭኑ አገር ይገዙ በነበሩት በልጅ ኢያሱ ላይ የተዘጋጀውን ክስ አዳመጡ። ክሱ ብዙ ዝርዝር ቢኖረውም ፍሬ ነገሩ አንድ ነበር፤ ኢያሱ የአያታቸውን ሃይማኖት ክደው ሰልመዋል የሚል። በዚሁ ቀን ከሥልጣን ተሻሩ። እርሳቸው ግን አዲስ አበባ አልነበሩም፤ ሐረርጌ ነበሩ። መልስ የመስጠት ዕድል አላገኙም።

ይህ ክስ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ዘሩ ያለው በትውልዳቸው ነው። እናታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ሲሆኑ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ የወሎ ሙስሊም ገዥ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ መሪዎች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ ክርስትና ተነሡ፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ዮሐንስ ሆኑ። ሚካኤል ቢጠመቁም ከዘመዶቻቸው ብዙዎቹ በእስልምናቸው ጸንተው ቆዩ። ስለዚህ ኢያሱ ያደጉት ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት አገር ነው። ለወሎ ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ለብዙው የሸዋ መኳንንት ግን የአባቱን ወገን እያዩ ልጁን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበር።

ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ ግንቦት 10 ቀን 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ወራሽ አድርገው በአዋጅ አሳወቁ። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑላቸው። አዋጁ ተራ ሹመት አልነበረም። ይህን ውርስ የሚያፈርስ ሁሉ የተረገመ እንዲሆን ምኒልክ በመሐላና በግዝት አስረውት ነበር። ለዘመኑ ሰው ግዝት ከወረቀት በላይ ነው፤ ነፍስን የሚያስር፣ ከልጅ ልጅ የሚተላለፍ እዳ ነው። ኋላ በኢያሱ ላይ የተወራውን ሁሉ ለመረዳት ይህን መሐላ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወሬው ቅርጹን ያገኘው ከዚህ ነው።

ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱና ወጣቱ ያለ ሞግዚት ቀሩ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ደግሞ ሞታቸው ተደበቀ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያስገበሩት ንጉሠ ነገሥት በአደባባይ አልተለቀሰላቸውም። ቤተ መንግሥቱ ትልቁን የአገር ዜና ዝም ሲል ሕዝቡ የራሱን መላምት ያዘ፤ የሹክሹክታ ልማድም ሥር ሰደደ። ከዚያ በፊት የምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ሲገለሉም ጉዳዩ ያለቀው በጓዳ ነበር። በጓዳ የሚሠራን ሥራ በጓዳ የሚወራ ወሬ ይከተለዋል።

መኳንንቱ በኢያሱ ላይ እውነተኛ ቅሬታ ነበራቸው። የምኒልክ አንጋፋ ሹማምንት ወደ ዳር ተገፉ። አባታቸው ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ሸዋም ሥልጣን ወደ ሰሜን ሲሸሽ ታየው። ኢያሱ ዋና ከተማውን ትተው ወራት ሙሉ በአፋርና በሐረርጌ ይከርሙ ነበር። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከራሳቸው ከተፈሪ አባት ግዛት ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾሟቸው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአመፅ ይበቃ ነበር፤ መሐላውን ለመፍታት ግን አንዱም አይበቃም። ወራሹ ሰነፍ ነው፣ ዘዋሪ ነው፣ ሹመት አጓደለ ቢባል ግዝቱ ባለበት ይቆማል። መሐላውን የሚፈታ አንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ በፍትሐ ነገሥት ላይ በቆመው የነገሥታት ሥርዓት ንጉሥ በኦርቶዶክስ ሃይማኖት የጸና መሆን አለበት። ሃይማኖቱን የለወጠ ከሆነ መሐላውን ያፈረሰው ራሱ ነው። ከቅሬታዎቹ ሁሉ ይህ አንዱ ጎልቶ እንዲወጣ ያደረገው ይህ የሕግ ስሌት ነው።

ለወሬው የሚሆን ማገዶ አልጠፋም፤ አብዛኛውም በዓይን የታየ ነገር ነው። ኢያሱ በአፋርና በሌሎችም አካባቢዎች ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስት አግብተዋል። አብዱላሂ ሳዲቅ የተባሉትን ሙስሊም ሹም አቅርበው በምሥራቁ ግዛት ትልቅ ሥልጣን ሰጥተዋቸዋል። ለመስጊድ ሥራ ረድተዋል። እንደ አገሬው ለብሰው፣ ጥምጥም ጠምጥመው ከሙስሊም መኳንንት ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ከሁሉ የከበደው ግን ሙስሊም ያረደውን ሥጋ በሉ መባላቸው ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይነግዳሉ፣ ተጎራብተው ይኖራሉ፣ በኀዘንና በደስታ ይጠያየቃሉ፤ ቢላዋው ላይ ሲደርስ ግን ይለያያሉ። አራጁ የማንን ስም ጠራ የሚለው ጥያቄ በአንገት ካለው ማተብ እኩል የማንነት ምልክት ነው። ስለ ነገረ መለኮት የማያውቅ ወታደር እንኳ የሥጋውን ወሬ ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ክሱ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በመኻል ሰፋሪው ድንኳን ውስጥ ሊዛመት የቻለው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ነገሮች አንዱም መስለማቸውን አያረጋግጥም። ጋብቻ የአገር ማስተዳደሪያ መሣሪያ መሆኑን ምኒልክም ያውቁ ነበር፤ ኢያሱን ራሳቸውን የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ሮማነወርቅ መንገሻ ጋር ያጋቡት ትግራይን ከዙፋኑ ጋር ለማሰር ነበር። ያን ጊዜ ማንም ክህደት አላለውም። ያው መንገድ ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ሲዘረጋ ግን ስሙ ተለወጠ። የክሱ አቅራቢዎች ያልጠቀሱት ነገርም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ኢያሱ ናቸው።

በዓይን በታየው ላይ የተጨመረው ደግሞ ሌላ ነው። ኢያሱ ጨረቃ ያለበትንና የእስልምና የእምነት ቃል የተጻፈበትን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለቱርክ ቆንስል ሰጡ ተባለ። የዘር ሐረጋቸው ከነቢዩ መሐመድ እንደሚወርድ አስጽፈዋል ተባለ። በሙስሊም አለባበስ የተነሡ የሚመስሉባቸው ፎቶግራፎችም በመኳንንቱ እጅ ይዞሩ ጀመር። ከእነዚህ መካከል ተቀናብረው የተሠሩ እንዳሉ ከብዙ ወገን ተነግሯል። ፎቶግራፍ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነው። በእጅ የተሳለ ሥዕል ሊዋሽ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ፎቶግራፍ ሊዋሽ ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነበር።

ነገሩን ያጋጋለው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በ1907 ዓ.ም. የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ከጀርመን ጎን ተሰልፎ የጂሃድ ጥሪ አወጀ። ኢትዮጵያን የከበቡት ቅኝ ግዛቶች ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ናቸው። በሶማሌ ምድር እንግሊዞችን ዓመታት ሙሉ ሲወጉ የነበሩትን ሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰንን ኢያሱ በመሣሪያ ይረዳሉ የሚለው ዜና ሦስቱን መንግሥታት አስደነገጠ። የቱርኩ ቆንስል መዝሐር በይ ከኢያሱ ጋር መቀራረባቸውም ጭንቀቱን አባሰው። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መጀመሪያ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በጋራ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ።

ከዚህ ሁለተኛ ወሬ ተወለደ። የመጀመሪያው ኢያሱ ከቱርክና ከጀርመን ጋር አሲረው አገሩን ሊያሰልሙ ነበር ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ፣ ኢያሱን የጣሏቸው ከጀርባ ሆነው ሁሉን የጎነጎኑ ፈረንጆች ናቸው አለ። ሁለቱም የአገሬውን ሰው ከጨዋታው ያወጡታል። ሌጋሲዮኖቹ ግፊት አድርገዋል፣ የኢያሱንም መውደቅ በደስታ ተቀብለዋል፤ መኻል ሰፋሪውን ያነሣሡት፣ ጳጳሱን ያግባቡትና ማን እንደሚነግሥ የወሰኑት ግን የሸዋ መኳንንት ናቸው። ከእነርሱም የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ቃል የሚገፋ አልነበረም።

በመስቀል ዕለት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመነቱ። ኢያሱን የሚጠብቀውን ግዝት የሚፈቱት እርሳቸው ናቸው፤ በወሬ ብቻ መፍታት ከብዷቸው ነበር። በመጨረሻ ግን ተስማሙና ሰውን ከመሐላው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ወሬው ያስከፈለው ዋጋ ብዙም አልዘገየም። በሐረር ከተማ ኢያሱን ፍለጋ በገቡ ወታደሮች እጅ በፖለቲካው ውስጥ ምንም ድርሻ የሌላቸው ሙስሊሞች ተገደሉ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መንግሥት ለማስመለስ ከወሎ ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። በዚያ ሜዳ የወደቀው ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ነው፤ የወሎው ጦርም ሆነ የሸዋው በክርስቲያን መሪ የተመራ ነበር።

ኢያሱ ከአራት ዓመት በላይ በአፋር በረሃና በሰሜን ተራሮች ተሸሸጉ፤ በጥር 1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተይዘው ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ኃይሉ ጥበቃ ሥር ታሰሩ። እስር ቤቱም ወሬ አላጣም፤ የንጉሥ ልጅ ስለሆኑ በወርቅ ሰንሰለት ነው የታሰሩት ይባል ነበር። በ1924 ዓ.ም. አመለጡ፣ ብዙም ሳይቆይ ተያዙ፤ በማምለጡ እጅ አለባቸው የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ወረዱ። ኢያሱም ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትወርር አውሮፕላኖቿ ኢያሱን እውነተኛው ንጉሥ የሚል ወረቀት በተኑ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መሞታቸው ተነገረ። ጊዜው ከወረራው ጋር መገጣጠሙ ሌላ ወሬ ወለደ፤ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ተፈሪ በነበሩትና አሁን በነገሡት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ተገደሉ የሚል። መቃብራቸው በይፋ አልታየም፤ ይህም ወሬውን አላበረደውም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመስቀሉን ዕለት ክስ ደግመው አጽንተዋል፤ በዘመናቸውም ይፋዊው ታሪክ ይኸው ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የታሪክ ጸሐፊዎች ሚዛኑን ወደ ሌላው ጎን ወስደው፣ ኢያሱን ሙስሊሙን ዜጋ ወደ መንግሥት ማዕድ ለማቅረብ ቀድመው ያሰቡ መሪ አድርገው ያቀርቧቸው ጀመር። የጋብቻቸውንና የሹመታቸውን አካሄድ ለሚያጤን ሰው ይህ አስተያየት ከቀድሞው ክስ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ሆኖም የእኩልነት አባት አድርጎ የሚሥላቸው ትረካ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ ጊሚራ ያደረጉትን ዘመቻ ብዙ ጊዜ ይዘልለዋል፤ በዚያ ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባርነት ተነድተው ብዙዎቹ በመንገድ አልቀዋል። ይህ በደል በመስከረም 17ቱ የክስ ዝርዝር ውስጥም አልነበረም።