የታጠፈ አንጀት

አማርኛ ስለ ረሃብ ሲያወራ አንጀትን ይጠራል። የተራበ ሰው «አንጀቱ ታጠፈ» ይባላል፤ ያየው ደግሞ «አንጀቴን በላው» ይላል። አባባሉ ከሕክምናው ብዙም አይርቅም።

ትንሹ አንጀት ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ልሙጥ ቧንቧ አይምሰላችሁ፤ እንደ ፎጣ ጸጉር በቆሙ ጥቃቅን ጣቶች የተሸፈነ ነው። የተፈጨው ምግብ ወደ ደም የሚገባው በነሱ በኩል ነው። የላይኛው ሽፋናቸው ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ ከቀለቡም ጉልህ ድርሻ የሚያገኘው እላዩ ላይ ከሚያልፈው ምግብ ነው። ምግብ ሲጠፋ ጣቶቹ ያጥራሉ፣ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ ቆሽትም ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማመንጨት ያቅተዋል። ረሃብ ሲቆይ ሆድ ባዶ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ መፍጫው ራሱ ይፈርሳል።

ይህን ይዘን ወደ 1965ቱ ወሎ እንሂድ። ቢስቲማ ከሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ የወረባቦ ከተማ ነች፤ ወረባቦ ደግሞ ከአፋር ትዋሰናለች። ያኔ ክፉኛ የተመታው ይህ የወሎ ምሥራቃዊ ጠርዝ ነበር። ሰው እህሉና ከብቱ ሲያልቅበት ወደ ደሴ በሚያልፈው የአስመራ አውራ ጎዳና ወጣ፤ በመንገዱ ዳርም መጠለያዎች ተከፈቱ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። የሟቾቹ ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

ታሪኩ ሲነገር መንግሥት መደበቁና ንጉሡ መውረዳቸው ይጎላል። ልክ ነው፤ ግን ምግብ ያለበት ደርሶ የሞተው ሰው ይረሳል። በረሃብ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚሞተው በተላላፊ በሽታ ነው። አሲዱ የቀነሰ ጨጓራ ጀርም አያስቆምም። የተጎዳ አንጀት ውሃ እንኳ በቅጡ አይመጥም። በዚህ ላይ ሽንት ቤት የሌለው፣ ሰው የተጨናነቀበት ሰፈርና አንድ የውሃ ጉድጓድ ጨምሩበት፤ ተቅማጥ ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ምግቡም ይገድላል። በ1945 እ.ኤ.አ. የቤርገን ቤልሰን እስረኞች ነጻ ሲወጡ፣ ወታደሮች በደግነት የሰጧቸውን ምግብ በልተው የሞቱ ነበሩ። የራበው ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ ኢንሱሊን ይለቀቃል፤ ፎስፌትና ፖታሲየም ከደም ተጠራርገው ወደ ሴሎች ይገባሉ፤ ልብም ይቆማል።

ዛሬ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ቀጭን ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። በዚያ ደረጃ ሕፃኑ ክብደት እንዲጨምር አይጠበቅም።