ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ተቀብሎ ለምን ይዘገያል?

መሥሪያ ቤቶች እና ትምህርት ቤቶች ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ ሲገዙ ባለሙያዎች በእያንዳንዱ ላይ ዊንዶውስን እና ሌሎች ሶፍትዌሮችን ለየብቻ አይጭኑም። አንዱን ኮምፒውተር አሟልተው ያዘጋጁና ሙሉ ቅጂውን በቀሪዎቹ ላይ ይገለብጣሉ። ይህ ቅጂ በባለሙያዎች ዘንድ “ኢሜጅ” ይባላል።

አሠራሩ ጊዜ እና ድካም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ አረም የተቀላቀለበት ዘር በተዘራበት ማሳ ሁሉ አረም እንደሚያበቅል፣ በዋናው ቅጂ ላይ ያለ ጉድለትም በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ይታያል። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሥራ እስኪጀምር ረጅም ደቂቃዎች መጠበቁ ነው። ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የሚሰማው “ሲስተም አስቸግሯል” የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ምክንያቱን ግን አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት በቀላል ንጽጽር መለየት ይቻላል።

አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?

ከአንድ ቅጂ ከተጫኑት መካከል የሚዘገየው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ችግሩ የራሱ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ እየተበላሸ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ፋይሎቹን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ሁሉም በተመሳሳይ መንገድ ከዘገዩ ግን ዋናውን ቅጂ ወይም ኔትወርኩን መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ዘወትር?

አንድ ሰው በኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ዊንዶውስ የግል ማኅደር ያዘጋጅለታል፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጡ መተግበሪያዎችንም ያሰናዳለታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መዘግየት የተለመደ ነው። ለአዲስ ተጠቃሚ የሚቀዳው ማኅደር በማያስፈልጉ ፋይሎች ከተሞላ ግን ጥበቃው ይረዝማል። መፍትሔው በዋናው ቅጂ ላይ ትርፍ ፋይሎችን እና መተግበሪያዎችን ማስወገድ ነው። ማይክሮሶፍትም ቅጂው ለሌሎች ኮምፒውተሮች ከመሰራጨቱ በፊት “ሲስፕሬፕ” በተባለው መሣሪያ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

ከኔትወርክ ሲለይስ?

መዘግየቱ ዘወትር ከሆነ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ፣ ዋይፋይም ካለ አጥፍቶ መሞከር ይጠቅማል። በተለመደው አሠራር ቀደም ሲል በዚያው ኮምፒውተር የገባ ሠራተኛ ያለ ኔትወርክም መግባት ይችላል። ያን ጊዜ ከፈጠነ ምክንያቱ ኔትወርኩ ላይ ነው። ከቅጂው ጋር የተላለፈ የቀድሞ ሰርቨር ወይም ፕሪንተር አድራሻ ካለ ኮምፒውተሩ በቦታው የሌለውን ዕቃ ሲፈልግ ይቆያል። በማዕከላዊ ሰርቨር በሚተዳደር መሥሪያ ቤት ደግሞ የዲኤንኤስ አድራሻው የራሱን ሰርቨር እንጂ የውጭ የኢንተርኔት አገልግሎትን ማመልከት የለበትም፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ማግኘት ይሳነዋል።

ያለ ኔትወርክም ከዘገየ

በዚህ ጊዜ ምክንያቱ በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። “ታስክ ማናጀር”ን ከፍቶ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ማየት፣ የማያስፈልጉትንም ማስቆም ይገባል። ቅጂው የተዘጋጀው በሌላ ሞዴል ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ለአዲሱ የሚስማማ ድራይቨር መጫን ያሻል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት ፍጥነት የሚጨምር ቢሆንም፣ የተሳሳተ የሰርቨር አድራሻን አያስተካክልም።

ለባለሙያው “ኢቨንት ቪውወር” የተባለው የዊንዶውስ መዝገብ የትኛው ሥራ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ለማወቅ ይረዳዋል። ሠራተኛውም የዘገየበትን ቀን፣ ሰዓት እና የደቂቃ ብዛት ጽፎ ቢያቀርብ ምርመራው ይቀልላል፤ ኮምፒውተሩን በኃይል ከማጥፋትም ሊቆጠብ ይገባል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እርማቱ በዋናው ቅጂ ላይም መደረግ አለበት። ካልሆነ በሚቀጥለው ዙር የሚጫኑት ኮምፒውተሮች ያንኑ ችግር ይዘው ይመጣሉ።