የጨዋታ ካርታ የፊልም መድረክ ሲሆን

ስለ ፊልም ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ተዋናዩ ነው፤ ቀጥሎም ደራሲውና አዘጋጁ ይጠቀሳሉ። ተዋናዩ የሚደገፍበትን ግድግዳ፣ የሚወጣበትን ደረጃና የሚሸሸግበትን ጥግ የሠራው ሰው ስም ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ይህ ቦታ የመሥራት ጥበብ በፊልምና በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ምን ድርሻ እንደ ነበረው፣ በመጨረሻም ሁለቱ እንዴት እንደ ተገናኙ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

በ1920 በበርሊን ለሕዝብ የታየው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ጥሩ መነሻ ይሆነናል። መድረኩን የሠሩት ሄርማን ቫርም፣ ቫልተር ራይማንና ቫልተር ሮሪግ የተባሉ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ። የሠሩት ከተማ መስኮቱ የተንጋደደ፣ መንገዱ የጠመመ፣ ግድግዳው ሊወድቅ የደረሰ የሚመስል ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ጥላው ነው፤ በብዙ ትዕይንቶች ጥላና ብርሃኑ ከመብራት የመጣ ሳይሆን በወለሉና በግድግዳው ላይ በቡሩሽ የተቀባ ነበር። ታሪኩን የሚተርክልን ሰው የአእምሮ ሕመምተኞች በሚጠበቁበት ቤት የሚኖር መሆኑ የሚገለጸው በመጨረሻ ነው፤ ጎዳናውና ግድግዳው ግን ይህንኑ ከመጀመሪያው ጀምረው ሲናገሩ ቆይተዋል።

ከዚህ ተነሥተን ሰባ ሦስት ዓመት ወደ ፊት እንለፍ። እርምጃው ረጅም ቢመስልም የምንከተለው ያንኑ ሙያ ነው። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት የነበረው አይዲ ሶፍትዌር የተባለ አነስተኛ ድርጅት በዲሴምበር 10 ቀን 1993 «ዱም» የተሰኘ የኮምፒዩተር ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ በመተላለፊያዎችና በአዳራሾች መካከል እየተዘዋወረ ይዋጋል፤ የሚያየውም በገዛ ዓይኑ የሚያይ ያህል ሆኖ ነው። ይህ የጨዋታ ቦታ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ካርታ» ይባላል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ቦታው እንደ ቤት ፕላን ከላይ ወደ ታች ታይቶ በመስመር የሚነደፍ ነበርና። መስመሮቹ ለሚከቡት ለእያንዳንዱ ክልል የወለሉ ከፍታ፣ የጣራው ከፍታና የብርሃኑ መጠን በቁጥር ይሰጠዋል። በዚህ አሠራር አንዱን ክፍል በሌላው ላይ መደረብ ፈጽሞ አይቻልም ነበር፤ ማለትም ፎቅ ቤት የለም። (ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ግቢ በካሬ ወረቀት ላይ ነድፈው ለየክልሉ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቢሰጡ ዘዴው ወዲያው ይገባቸዋል።)

ታዲያ በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ሕግ ውስጥ ጥበብ ከየት ይመጣል? በመጀመሪያ ቶም ሆል የተባለው የድርጅቱ ባልደረባ ቦታዎቹን እውነተኛ የጦር ሰፈር አስመስሎ መንደፍ ጀምሮ ነበር። እውነትነት አላጣቸውም፤ ሆኖም ባልደረቦቹን አሰለቿቸው። ጆን ሮሜሮ ሌላ መንገድ ያዘ። የወለሉን መልክ በለወጠ ቁጥር ከፍታውንም ይለውጣል፤ ጨለማውን ከብርሃኑ ጎን ያቆማል፤ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ያለፈበትን ቦታ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ እንዲያየው ያደርጋል። በመጀመሪያው ካርታ ላይ በመስኮት በኩል አንድ ግቢ ይታያል፤ መግቢያው ግን ተሸሽጓል። «እዚያ እንዴት ይደረሳል?» የሚለውን ጥያቄ ለተጫዋቹ ያነሣለት ጽሑፍም ሆነ ድምፅ አልነበረም፤ መስኮቱ ብቻ ነው። ከመልሱ በፊት ጥያቄውን የሚሰጥ መምህር ይህን ዘዴ አሳምሮ ያውቀዋል።

ይኸው ድርጅት በጁን 1996 ባወጣው «ኩዌክ» በተባለው ጨዋታ ክፍልን በክፍል ላይ መደረብ ተቻለ። ስለ ብርሃኑም አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሠሪው መብራቶቹን በየቦታቸው ካስቀመጠ በኋላ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ግድግዳ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያሰላና ውጤቱን በግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። የካሊጋሪ ሠዓሊዎች በቡሩሽ የቀቡትን ጥላ አሁን ስሌት ቀባው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ካርታ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያሰቡት አይመስለንም። ጨዋታው የተደረገውን ሁሉ የሚመዘግብበት ዘዴ ነበረው። የሚመዘገበው ሥዕሉ ሳይሆን የእንቅስቃሴው ዝርዝር ነው፤ ማን የት እንደ ቆመ፣ ወዴት እንደ ዞረ፣ መቼ እንደ ተኮሰ። ጨዋታው ያለው ሌላ ሰው ያን ዝርዝር ተቀብሎ፣ ሙዚቀኛ ኖታ አንብቦ እንደሚጫወት ሁሉ፣ ትዕይንቱን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና ያስነሣዋል። በኦክቶበር 1996 ሬንጀርስ የተባሉ የተጫዋቾች ቡድን በዚህ ዘዴ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ፊልም ሠሩ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአድፋጩ ማስታወሻ» ይሆናል። አድፋጭ የሚሉት ጥሩ ጥግ ይዞ ሳይንቀሳቀስ ሌላውን የሚጥለውን ነው፤ በተጫዋቾችም ዘንድ የተናቀ ነው። በፊልሙ ውስጥ ካሜራው ከተጫዋቹ ዓይን ተላቅቆ ለብቻው ቆመ፤ ንግግሩም በጽሑፍ ቀረበ። አድፋጩ ሁለት ሰዎች ከጣለ በኋላ ተገደለ፤ ማንነቱ ሲመረመር ጆን ሮሜሮ ሆኖ ተገኘ! ቀልዱ ቀላል ቢሆንም እውነትነት አለው፤ ጥጉ ባይሠራ ኖሮ አድፋጩም ታሪኩም አይኖሩም ነበር።

እንዲህ ያለው ፊልም ኋላ «ማሺኒማ» የሚል ስም ወጣለት፤ ለብዙ ጊዜም የቀልድ መሣሪያ ሆኖ ቆየ። በኦክቶበር 27 ቀን 2005 በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በክሊሺ ሱ ቧ ሁለት ታዳጊዎች ከፖሊስ ሸሽተው በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ሲሸሸጉ በኤሌክትሪክ ተይዘው ሞቱ። በዚህም የተነሣ ሁከቱ በፈረንሳይ ከተሞች ለሦስት ሳምንት ያህል ቀጠለ። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ የማያውቀው አሌክስ ቻን «ዘ ሙቪስ» በተባለው ጨዋታ «የፈረንሳይ ዴሞክራሲ» የሚል አጭር ፊልም በኖቬምበር አቀረበ። ፊልሙ በመድልዎ ተማርረው ወደ ዐመፅ የገቡ ሦስት የፓሪስ ነዋሪዎችን ታሪክ ይተርካል።

ዘ ሙቪስ ዝግጁ መድረኮችን የያዘ ጨዋታ ነው፤ ነዳፊዎቹም ሲሠሩት በዓይናቸው የነበረው ሆሊዉድ ነበር። ክፋት አስበው አይደለም፤ ነገር ግን የፓሪስ ጎዳና በመድረኮቹ መካከል አልነበረም። ስለዚህ ፓሪስ በማንሃታን ተተካች፤ ሁለቱ ልጆች የሞቱበት የኤሌክትሪክ ጣቢያም በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ተወከለ። ይህን የፊልሙ ድክመት ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ጎጆዋን ስናይ ፊልሙ የሚናገርላቸው ሰዎች መንደር በማንም ካርታ ላይ እንዳልተነደፈ ይታየናል፤ ይህም በትክክል ከተሠራ ጣቢያ ይልቅ ይከብዳል። ቻን በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ሁከቱ ከሽብርተኝነት ጋር እየተያያዘ መነገሩን ለማረም ፈልጎ ስለ ነበር የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከሥዕሉ ሥር ጻፈው። ፊልሙም በኢንተርኔት ተሠራጭቶ በአሜሪካም በፈረንሳይም ጋዜጦች ተጻፈበት።