የተረፈ ሕይወት ዕዳ

ጆሯችሁን ስጡኝ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1939፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንታት ቀርተውታል። ከቪየና የተነሣ አንድ ባቡር ሕፃናት ጭኖ ወደ ምዕራብ ይገሰግሳል። ወላጆች ከጣቢያው ቀርተዋል፤ መሄድ የተፈቀደው ለልጆች ብቻ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ቬራ ቡክታል የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለች። የዘጠኝ ዓመት እኅቷን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን በውል አታውቅም።

አባቷ በጀርመን አገር፣ በዶርትሙንድ ከተማ ዳኛ ነበሩ። አይሁዳዊ ናቸውና ናዚዎች ከወንበራቸው አነሷቸው፤ ቤተሰቡም ወደ ቪየና ተሰደደ። አማራጭ ሲጠፋ እናትና አባት አንጀታቸውን አሥረው ልጆቻቸውን ሸኙ። ኪንደርትራንስፖርት በተባለው በዚያ የነፍስ አድን ሥራ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ብሪታንያ ገቡ። ከኋላ ከቀሩት የአይሁድ ልጆች ከሚሊዮን በላይ የሚሆኑት አለቁ።

ቬራና እኅቷ ለንደን፣ ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ወረዱ። አይተዋቸው የማያውቁ ባልና ሚስት ተቀብለው አሳደጓቸው። ልብ በሉልኝ! የቬራ ወላጆች አልሞቱም። ሁለቱም ከጦርነቱ ተርፈው ልጃቸውን አገኟት። ነገር ግን የተበጠሰው ፍቅር ተመልሶ አልተቀጠለም። ለሞተ ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ተዝካር ይወጣለታል። በሕይወት እያለ ለራቀ እናትና አባት ግን ልቅሶ የሚቀመጥ ማን አለ? ይህች ልጅ ያን ሐዘን ብቻዋን ተሸክማ አደገች።

ከሐዘኑ ጋር አንድ ሐሳብ አብሯት አደገ፤ ዕድሜ ልኳን ስትናገረው ኖራለች። ሌሎች ሲያልቁ እኔ ከተረፍሁ፣ ሕይወቴን ለመትረፍ የተገባ ላደርገው ይገባኛል አለች። ዕዳዋ ይህ ነው። የቀረውን ሁሉ የወለደውም ይኸው ዕዳ ነው።

ሒሳብ ትወድ ነበር። የሴቶች ትምህርት ቤቷ ግን የምትፈልገውን ያህል አያስተምርም፤ ስለዚህ ወደ ወንዶች ትምህርት ቤት እየተመላለሰች ተማረች። በ18 ዓመቷ የብሪታንያ ዜግነት ስታገኝ ስሟን ቀይራ ስቴፋኒ ብሩክ ተባለች። ለንደን ውስጥ ዶሊስ ሂል በሚባለው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ያ ጣቢያ በጦርነቱ ጊዜ ኮሎሰስ የተባለው የምስጢር መፍቻ ኮምፒውተር የተሠራበት ነው። ቀን እየሠራች፣ ማታ እየተማረች የሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች። ዴሪክ ሸርሊ የተባለ የፊዚክስ ሊቅም አገባች፤ በስሙም ስቴፋኒ ሸርሊ ተባለች።

በ1962 ቤቷ ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ፣ በ6 ፓውንድ ካፒታል ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ የተባለ ድርጅት ከፈተች። የምትሸጠው ሶፍትዌር ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር በነፃ የሚሰጥ ነገር ነበርና ብዙዎች ሳቁባት፤ ያውም ከሴት ማን ይገዛል! ለደንበኞች በስሟ ፈርማ የምትልካቸው ደብዳቤዎች መልስ አጡ። ባሏ መላ አመጣ፤ «ስቴቭ» እያለች እንድትፈርም መከራት። ያኔ በሩ ተከፈተ። የሚያነጋግሩት ሰው ሴት መሆኗን ከማወቃቸው በፊት ቀጠሮ ሰጧት።

የቀጠረቻቸው አግብተው፣ ወልደው ከሥራ የወጡ ባለሙያ ሴቶችን ነው። እስቲ አንዷን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩአት። ልጇ ከጎኗ አለ፤ እሷ በእርሳስና በወረቀት ፕሮግራም ትጽፋለች፤ የጻፈችው በፖስታ ይሄድና ኮምፒውተሩ በሚያነበው ካርድ ላይ በቀዳዳ ይመታል። ስቴፋኒ ራሷ ደንበኛ ስልክ ሲደውልላት የጽሕፈት መኪና ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ትከፍት ነበር። የቤቱ ጫጫታ ተሸፍኖ ደንበኛው ቢሮ የደወለ ይመስለዋል። እነዚህ ሴቶች ናቸው እንግዲህ የኮንኮርድ አውሮፕላንን የበረራ መረጃ ለሚመዘግበው ጥቁር ሳጥን ፕሮግራም የሠሩት! ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1975 የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ግን፣ ሴቶችን ብቻ የሚያስቀድመው አሠራሯ ሕገ ወጥ ሆነና ለወንዶችም በሩን ከፈተች። ውሎ አድሮ አክሲዮኑን ለሠራተኞቿ አካፈለች፤ ከእነሱም 70 የሚሆኑት ሚሊየነሮች ሆኑ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። አያልቅም።

በ1963 ጃይልስ የተባለ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው የጀማመራት ንግግር ጠፋችበት። ከባድ ኦቲዝም ነው ተባለ። ሲጎረምስ ጉልበቱ በረታ፣ የሚጥል በሽታም ተጨመረበት። እናት ደከመች፤ አእምሮዋ ሸክሙን አልችል ብሎ እሷም ሆስፒታል ገባች። ልጇም ለዓመታት ሆስፒታል ኖረ። በኋላ እሱን የመሰሉ ሰዎች በተራ ቤት፣ በተራ ሰፈር የሚኖሩበትን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች፤ የመጀመሪያው ነዋሪ ጃይልስ ሆነ። በ1998 ግን በ35 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ሁሉ በ2012 «ሌት ኢት ጎ» በተባለው ግለ ታሪኳ፣ ከጋዜጠኛው ሪቻርድ አስክዊዝ ጋር ሆና ጻፈችው። እኔም ለእናንተ መተረክ የፈለግሁት ስለዚህ ነው። በቴክኖሎጂ የከበሩ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲጽፉ የልጅነት መከራ ብዙ ጊዜ ለድሉ መንደርደሪያ ሆኖ ያልፋል፤ ገንዘቡ ሲመጣ እንባው ይረሳል። ስቴፋኒ ሸርሊ ይህን አላደረገችም። ስኬቷን ጻፈች፤ ከአጠገቡም ሆስፒታሉን፣ የአእምሮዋን መናወጥ፣ የልጇን መቃብር ጻፈች። አንዱን በሌላው አላጣፋችም።

ሀብቷንም አብዛኛውን ሰጠችው፤ አብላጫው ለኦቲዝም ሥራ ዋለ። የኦክስፎርድ ኢንተርኔት ኢንስቲትዩትም በእሷ ስጦታ ተመሠረተ። በነሐሴ 2025 በ91 ዓመቷ አረፈች።

ሕይወታችሁን ለመጻፍ የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም በልጅነታችሁ ወላጅ ያጣችሁ፣ ከዚህች ሴት አንድ ነገር ያዙ። ያጣችሁትን ያገኛችሁት አይተካውም፤ ተካው ብላችሁም አትጻፉ። ሐዘናችሁን በቁመቱ፣ ሥራችሁንም በቁመቱ ጻፉት። ገና በሐዘን ላይ ያለ ሰው መጽሐፋችሁን ሲያነብ፣ ሐዘኑ ሳያልቅለትም ሥራ መጀመር እንደሚችል ያያል። የተረፈ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው እንዲህ ነው።