በሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ወረዳ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ታሪካዊ አመጣጥ

መግቢያ

የትምህርት ዕድል ለሁሉም እኩል ተዳርሷል ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የትምህርት ቤቱ በር ለሁሉም ልጅ ክፍት መሆኑ፣ መምህሩም መጽሐፉም ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ የሚናገረውን ቋንቋ ፈጽሞ የማያውቅ ልጅ በዚያው ክፍል ተቀምጦ ቢውል፣ ዕድሉ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ መልስ ያገኘው በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው በሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ወረዳ ላይ በቀረበ ክስ ምክንያት ነው። በአገሪቱ የሚገኙ የትምህርት ወረዳዎች እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ድጋፍ እንዲሰጡ የሚያስገድዳቸው ሕግ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ድጋፍ ከምን ተነሥቶ በምን ዓይነት መንገድ እንዳለፈ መመርመርና ከሒደቱ የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመከልከል ወደ መለየት፣ ከመለየት ወደ መቀላቀል

ቻይናውያን በብዛት ወደ ካሊፎርኒያ መግባት የጀመሩት በ1849 ከተስፋፋው የወርቅ ፍለጋ ጋር ተያይዞ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1859 ለቻይናውያን ልጆች የተለየ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1871 ግን ይኸው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 1885 ድረስ፣ ማለትም ለዐሥራ አራት ዓመታት ያህል፣ ቻይናውያን ወላጆች እንደ ሌላው ነዋሪ ግብር እየከፈሉ ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። በ1882 የወጣው የፌዴራል ሕግም የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ አገደ።

በ1884 ጆሴፍና ሜሪ ቴፕ የተባሉ ባልና ሚስት፣ ሜሚ የምትባል ልጃቸው በሰፈሯ ትምህርት ቤት እንዳትገባ ስለ ተከለከለች ክስ መሠረቱ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1885 ልጅቷ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ልትገለል እንደማይገባ ወሰነ። ነገር ግን የግዛቱ ምክር ቤት ወዲያውኑ ለቻይናውያን የተለየ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ በማውጣቱ፣ ሜሚ ቴፕ በመጨረሻ የገባችው ወደ ሰፈሯ ትምህርት ቤት ሳይሆን ለቻይናውያን ወደ ተከፈተው ነው። የከተማው የትምህርት ቦርድ በ1906 የጃፓን ልጆችም ወደዚሁ የተለየ ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ባዘዘ ጊዜ ጉዳዩ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ቅሬታ እስከ ማስነሣት ደረሰ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጣልቃ በመግባታቸውም በ1907 ትእዛዙ ተነሣ። በዘር የተለዩ ትምህርት ቤቶችን የሚፈቅደው የካሊፎርኒያ ሕግ የተሻረው ግን በ1947 ነው።

በ1965 የወጣው አዲሱ የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን የኮታ አሠራር ስላስቀረ፣ ከእስያ የሚመጡ ቤተሰቦች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ የክፍሉም ወንበር ለሁሉም አንድ ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ አዲስ መጪ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩት የካንቶን ቻይንኛ ሲሆን መምህሩ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ቀደም ሲል በሕግና በዘር ምክንያት ይደርስባቸው የነበረው መገለል አሁን በቋንቋ ምክንያት በዚያው በክፍሉ ውስጥ ይፈጸም ጀመር።

2. የክሱ መነሻ

በማርች ወር 1970 ኤድዋርድ ስታይንማን የተባሉ ጠበቃ በቻይናውያን ተማሪዎችና በወላጆቻቸው ስም በትምህርት ወረዳው ላይ ክስ አቀረቡ። ጉዳዩ በአንደኛው ተማሪ የቤተሰብ ስምና በጊዜው የትምህርት ቦርዱ ፕሬዚዳንት በነበሩት በአለን ኒኮልስ ስም «ላው በኒኮልስ ላይ» ተብሎ ይታወቃል።

በፍርድ ቤት የተረጋገጠው ማስረጃ እንደሚያመለክተው፣ በወረዳው ውስጥ እንግሊዝኛ የማይናገሩ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች 2,856 ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሰጣቸው 1,000 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት 1,800 ያህል ምንም ዓይነት የቋንቋ ድጋፍ አልነበራቸውም። በሌላ በኩል በጊዜው የነበረው የካሊፎርኒያ ሕግ ከ6 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ያስገድድ ነበር፤ መሠረታዊው የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ያዝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ በቂ ችሎታ የሌለው ተማሪም የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። እንግዲህ ልጁ በሕግ ተገዶ ወደ ክፍል ይገባል፤ በማያውቀው ቋንቋ ይማራል፤ ቋንቋውን ባለማወቁም የምስክር ወረቀቱን ይነፈጋል። ቋንቋውን የማስተማር ኃላፊነት ግን በወረዳው ላይ በግልጽ አልተጣለም።

ወረዳው ለክሱ የሰጠው መልስ ለእነዚህ ልጆች የቀረበው ትምህርት ለሌሎቹ ከቀረበው ጋር አንድ በመሆኑ አድልዎ አልተፈጸመም የሚል ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይህንኑ ተቀበለ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1973፣ እያንዳንዱ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ባልፈጠረው ጥቅምና ጉድለት ስለ ሆነ፣ ወረዳው ይህን የማቃናት ሕጋዊ ግዴታ የለበትም በማለት የበታቹን ውሳኔ አጸና።

3. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ተመልክቶ ጃንዋሪ 21 ቀን 1974 ሁሉም ዳኞች በተስማሙበት ውሳኔ የይግባኝ ሰሚውን ፍርድ ሻረ። የፍርድ ቤቱን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ናቸው። የሐተታው ፍሬ ነገር፣ ለተማሪዎች አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት መምህርና አንድ ዓይነት ሥርዓተ ትምህርት ማቅረብ ብቻውን እኩልነት አይደለም፤ እንግሊዝኛ የማያውቁት ልጆች ትርጉም ካለው ትምህርት ሁሉ ውጭ ሆነዋልና የሚል ነው።

ውሳኔው የተመሠረተው በሕገ መንግሥቱ ላይ ሳይሆን በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ላይ ነበር። ይህ ሕግ ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ርዳታ የሚቀበል ማናቸውም ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በብሔራዊ ትውልድ አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ከዚህም ሌላ የጤና፣ የትምህርትና የበጎ አድራጎት ሚኒስቴር በሜይ 1970 ባወጣው መመሪያ፣ የቋንቋ ችግር ተማሪውን ከትምህርቱ የሚያግደው ሲሆን ወረዳው ችግሩን ለማስወገድ እርምጃ እንዲወስድ፣ እንግሊዝኛ ባለማወቁ ብቻ ልጅን የአእምሮ ዝግመት ካላቸው ጋር እንዳይመድብና ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያ እንደ አስፈላጊነቱ በሌላ ቋንቋ ጭምር እንዲጻፍ አሳስቦ ነበር።

ሁለት ነጥቦች ግን በውሳኔው ሳይቋጩ ቀርተዋል። የመጀመሪያው የመፍትሔው ዓይነት ነው። ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ እንግሊዝኛ ማስተማር አንድ አማራጭ፣ በቻይንኛ ማስተማር ሌላ አማራጭ መሆኑን፣ ከእነዚህም ሌላ ሊኖር እንደሚችል ከገለጸ በኋላ ምርጫውን ለትምህርት ቦርዱ ተወው። ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ዳኛ ሃሪ ብላክመን በተለየ አስተያየታቸው፣ ጉዳዩ ጥቂት ልጆችን ወይም አንድን ልጅ ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ይህን ውሳኔ እንደ መጨረሻ መልስ እንደማይቆጥሩት አስታውቀዋል።

የቁጥሩን ጥያቄ በከፊል የመለሰው በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የወጣው የትምህርት ዕድል እኩልነት ሕግ ነው። ሕጉ ማንኛውም ግለሰብ፣ ወረዳው የቋንቋን መሰናክል ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ ባለመውሰዱ ምክንያት፣ እኩል የትምህርት ዕድል እንዳይነፈግ ይደነግጋል። ድንጋጌው ተናጋሪያቸው አነስተኛ ለሆነ ቋንቋዎች ትልቅ ትርጉም አለው። ለምሳሌ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ወደ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢሆኑም የዚሁ ሕግ ጥበቃ ይደርሳቸዋል።

4. ውሳኔው ወደ ሥራ ሲተረጎም

ክሱ ሲቀርብ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ውሳኔው ሲሰጥ አምስተኛ ክፍል ደርሷል። በዚህ መካከል የተገኘው መሻሻል አነስተኛ ነበር። በኤፕሪል 1973 የነበረውን ሁኔታ የሚገልጽና ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀረበ ዘገባ እንዳመለከተው፣ እንግሊዝኛ በጥቂቱ ብቻ የሚያውቁ ወይም ጭራሽ የማያውቁ ቻይናውያን ተማሪዎች 3,457 ነበሩ። ለእነርሱ በተዘጋጁት ክፍሎች የተመዘገቡት ተማሪዎች 2,136 ቢሆኑም፣ ቢያንስ 429ኙ የዘር ስብጥርን ለመጠበቅ የገቡ ቻይናውያን ያልሆኑ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ድጋፍ ያገኙት ከ1,707 አይበልጡም፤ ይኸውም ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያነሰ ነው። የመዝገብ ቁጥር ብቻውን ድጋፉ ለባለ ጉዳዩ መድረሱን እንደማያረጋግጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከውሳኔው በኋላ ወላጆችና የማኅበረሰቡ ተወካዮች የተካተቱበት ግብረ ኃይል ተቋቁሞ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ዕቅድ አዘጋጀ። በኦክቶበር 1976 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት መሠረትም ወረዳው ለቻይንኛ፣ ለስፓኒሽና ለፊሊፒንስ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሁለት ቋንቋ ትምህርት፣ ለሌሎቹ ደግሞ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የማስተማርና መሰል ድጋፍ እንዲሰጥ ግዴታ ገባ።

የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ በ1975 ወረዳዎች የሚመሩባቸውን ሐሳቦች አወጣ። በነዚህም መሠረት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ብቻ መማራቸው በቂ ሆኖ አልተቆጠረም፤ ልጁ እንግሊዝኛ እስኪለምድ ድረስ ሒሳቡንና ሳይንሱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማር እንዲችል ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ1980 ይህንኑ አስገዳጅ ደንብ ለማድረግ የቀረበው ረቂቅ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው በ1981 ተሠረዘ።

5. የድጋፉ መመዘኛ

መመሪያው ቢጓደልም በዚያው በ1981 በቴክሳስ ግዛት በሬይመንድቪል የትምህርት ወረዳ ላይ የቀረበው የካስታኜዳ ጉዳይ ለዘለቄታው የሚያገለግል መመዘኛ አስገኘ። የአምስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ጥያቄዎችን አስቀመጠ። እነርሱም፦ መርሐ ግብሩ በባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት ባለው የትምህርት ንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነውን? በበቂ መምህራንና መሣሪያዎች በተግባር ተፈጽሟልን? ለተወሰነ ጊዜ ከተሠራበት በኋላስ የልጆቹ የቋንቋ መሰናክል መወገዱን ውጤቱ ያሳያልን? የሚሉት ናቸው።

በወረዳዎች ዛሬ የሚታየው አሠራር ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ ሲመዘገብ በቤት የሚነገረው ቋንቋ በመጠይቅ ይታወቃል፤ የእንግሊዝኛ ችሎታው በፈተና ይለካል፤ እንደ ደረጃው በተገቢው ክፍል ይመደባል፤ ዕድገቱ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ብቁ መሆኑ ሲረጋገጥ ከድጋፉ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ወደ ኋላ እንዳይቀር ለተወሰኑ ዓመታት ክትትል ይደረግለታል። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ ቢጓደል የሌሎቹ ጥቅም ይቀንሳል። ያለጊዜው ከድጋፍ የወጣ ልጅ ትምህርቱ ይከብደዋል፤ ያለአግባብ የቆየ ልጅም ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ሊጐድል ይችላል።

6. የማስተማሪያ ቋንቋ ምርጫና የሕዝብ ድምፅ

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ይበልጣል ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚለው ክርክር በሕግ አልተዘጋም። በጁን 1998 የካሊፎርኒያ መራጮች 61 ከመቶ በሆነ ድምፅ፣ ልጆቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲማሩ የሚያዘውን 227ኛውን የውሳኔ ሐሳብ አጸደቁ። በዚህም ምክንያት በብዙ ወረዳዎች የሁለት ቋንቋ ክፍሎች ተዘጉ። በኖቬምበር 2016 ደግሞ መራጮቹ በ58ኛው የውሳኔ ሐሳብ አማካይነት የቀድሞውን ገደብ አንሥተው ምርጫውን ለወረዳዎችና ለወላጆች መለሱ። የማስተማሪያው ዘዴ እንዲህ ሲለዋወጥ ሳለ፣ በ1974 የተደነገገው የቋንቋን መሰናክል የማስወገድ ግዴታ ግን እንደ ጸና ቆይቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተዘረዘረው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ በአንድ ከተማ ውስጥ «ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል» የሚለው አነጋገር በአንድ መቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ትርጉም እንደ ነበረው ያሳያል። በ1885 በተለየ ቤት ውስጥ መግባት ማለት ነበር፤ በ1970 በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ማለት ሆነ፤ ከ1974 ወዲህ የሚነገረውን ተረድቶ መማር ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ትርጉም ለማስገኘት ፍርድ ቤቱ መንገዱን ጠረገ እንጂ ሥራውን ሊፈጽም አልቻለም። ሥራው የተፈጸመው ወላጆች በተከታተሉበት፣ የሠለጠነ መምህር በተመደበበትና ውጤቱ በየጊዜው በተመረመረበት ቦታ ነው።

ስለዚህ የማስተማሪያ ቋንቋን ጉዳይ የሚያጠና ማንኛውም የትምህርት ባለሙያ ከመዘገበው የተማሪ ቁጥር አልፎ፣ በክፍሉ ውስጥ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ትምህርቱ የሚገባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ መጠየቅ ይኖርበታል። በ1970 ያለ ድጋፍ የተቀመጡት 1,800 ልጆች በወረዳው መዝገብ ላይ እንደ ማንኛውም ተማሪ ተመዝግበው ይገኙ ነበር።